ከአሳማሪው ጀርባ የጠፋችው ቁልፍ

አሳማሪውን ሐኪም ቤት ያደረሰው የጠፋ ነጠላ ጫማ ነው። አንድ ጠዋት ከመኝታ ክፍሉ ተነስቶ ግቢው በር ጋ ሲደርስ ወደ ታች ቢያይ ግራ እግሩ ባዶ ነው። ወዲያው ጎረቤቱን ጠረጠረ። ቀጥሎ ትናንት የመጣውን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ጠረጠረ፤ ሰውየው ሲወጣ ቸኩሎ ነበር። ሚስቱ ጫማውን ከመኝታ ክፍሉ ደጃፍ አንስታ ስታመጣለት ጥርጣሬው የሚሄድበት ጠፍቶት ቆመ፤ እሷን አይጠረጥርማ።

«ከእግርህ ወልቆ ነው እኮ» አለችው።

«ወልቆ ቢሆን አላውቅም ነበር?»

ጉዱ እሱ ነበር። አላወቀም።

ሰውየው መጠርጠር አመሉ ነው። የገዛውን ስኳር ቤት አምጥቶ እንደገና ይመዝናል። አውቶቡስ ውስጥ የማያውቀው ሰው ፈገግ ካለለት ኪሱን ይዳብሳል። ከሩቅ ሰላም የሚለውን ሰው «ደግሞ ዛሬ ምን ፈልጎ ነው?» እያለ በዓይኑ ይሸኘዋል። ትልቋ ልጁ «አባዬ እኮ ጥላውንም መታወቂያ ይጠይቃል» እያለች ትስቅበታለች። እሱ ግን አይስቅም፤ ሳቋን ራሱ ምን አለበት ብሎ ያጤነዋል።

ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው። ዕድሜውን የጨረሰው ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ሹል እርሳስና ቀጭን ብሩሽ ይዞ፣ ኔጌቲቩን ከብርሃን ፊት ለፊት አድርጎ፣ የሰውን ብጉር ያጠፋል፣ የከሳ ጉንጭ ይሞላል፣ የተንጋደደ አንገትጌ ያቃናል፣ የተኛ ዓይን ያነቃል። ለአማቶች የሚላክ ፎቶ ሁሉ በእሱ እጅ ነበር የሚያልፈው። «ስንቱን በብሩሽ ድሬዋለሁ!» ይላል ሲሞቀው። አሳማሪው የሚለውም ቅጽል ከዚያ የወጣ ነው፤ ዛሬ ወላጆቹ ባወጡለት ስም የሚጠራው ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሰው ፎቶ ይዞ የሚመጣበትን ሁሉ በጎሪጥ ቢያይ አይፈረድበትም።

በዚያ ላይ የወንድማማቾቹ ነገር አለ። የሁለት ወንድማማቾችን ጉርድ ፎቶ ፖስታ ውስጥ ሲከት አቀያየረባቸው። ታናሽየው በታላቅየው ፎቶ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ዓመታት ሲነዳ አንድ ፖሊስ እንኳ ልብ አላለውም። ፖስታው ላይ ስም ተጽፎ ነበር፤ ስሙም ትክክል ነበር። «ስም መለጠፍ ማንም ይለጥፋል» የምትለው ንግግሩ ከዚያን ቀን ጀምራ ከአፉ ተለይታ አታውቅም።

ሚስቱንም ያገኛት እዚያው ፎቶ ቤት ነው። ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጥታ አነሳት፤ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ በብሩሹ አጠፋላትና፣ ምስጋና እየጠበቀ ሰጣት። በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ፎቶውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ «ይህቺ ማን ናት?» አለችው።

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ ነጥብ አለኝ። ነጥቤን መልስ።»

እንደዚያ ያለ ደንበኛ አይቶ አያውቅም። ቁጭ ብሎ ሳይነካካ እንደገና አጠበላት። ያን ዕለት ማታ ለራሱ «ይህቺ ሴት አትዋሽም» አለ፤ በዓመቱም አገባት። ከዚያ ወዲህ ዓለምን ሁሉ ሲመረምር እሷን ግን አንድ ቀን መርምሯት አያውቅም። ስኳሩን የሚመዝነው ሰው እሷ የሰጠችውን ሳይቆጥር ኪሱ ይከተዋል።

እንግዲህ ነጠላ ጫማው በተደጋጋሚ ከእግሩ እየወለቀ ሲቀር፣ ልጁ እየጎተተች ቀዶ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ አነጋገሩ ዝግ ያለ፣ ጥፍሩ አጭር የሆነ ሰው ነው። የአሳማሪውን አውራ ጣት በጣቱ ይዞ «ወደ እርስዎ ይሳቡት» አለው። አሳማሪው ሳበ፤ ጣቱ ግን እንዳልሰማ ሰው ዝም አለ።

«ከአከርካሪዎ አንዷ አጥንት ወደ ፊት ተንሸራታ ነርቩን ተጭናዋለች» አለ ሐኪሙ። «ቦታውን አስፍተን አጥንቶቹን በብሎን እናስራቸዋለን። የሄደው ጉልበት ሁሉ ይመለሳል ብዬ አልምልልዎትም። የቀረው እንዳይሄድ ግን ቶሎ ቀዶ ጥገና መግባት አለብን። ከቆየን እግሩን እናጣዋለን።»

«ብሎኑ ነርቩን ቢወጋውስ?»

«ለዚያ ነው ካሜራ የሚረዳኝ።»

ካሜራ የሚለውን ቃል ሲሰማ አሳማሪው ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ሚስቱ ከጎኑ ሆና በልቧ «አለቀልን» አለች።

ሐኪሙ ምንም ሳይጠረጥር አብራራ። አስቀድሞ ሲቲ ስካን ይነሳል። ቀዶ ጥገናው ላይ ደግሞ አጥንቱ ሲገለጥ፣ ከመብራቱ ጋር የተሰቀለው ካሜራ ብርሃን እየረጨ የአጥንቱን መልክ፣ ጉብታውንም ስርጉዱንም፣ ያነሳዋል፤ ከስካኑ ጋርም ያገጣጥመዋል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የያዘውን መሣሪያ በዓይኑ እየተከተለ፣ ጫፉ አጥንቱ ውስጥ የት እንደደረሰ ስክሪን ላይ ያሳያል።

«ሰው ካሜራው ፊት ቢቆምስ?» አለ አሳማሪው።

«ምስሉ ይቆማል። እኛም እንቆማለን።»

«ደም ቢሸፍነውስ?»

«ጠርገን እንደገና እናነሳለን።»

«እሺ፤ ያ አስቀድሞ የተነሳው ስካን የሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«የሌላ ሰው ከሆነ አጥንቱ አይገጥምለትም። ደግሞስ ስምዎ ይጻፍበት የለም እንዴ?» አለ ሐኪሙ። ስሙን ባያነሳ ይሻለው ነበር።

አሳማሪው ማታ ራት ላይ ነው የተነፈሰው። «በቆየ ፎቶ እየተመሩ ጀርባዬን ሊበሱት ነው። ስሜ አለበት አለኝ ደግሞ! አይገጥምም አለኝ! ወንድማማቾቹስ ገጥመው የለም?» በማግስቱ መላ አገኘ። ፎቶ ቤት ሳለ ኔጌቲቭ እንዳይቀላቀልበት ጠርዙ ላይ ለራሱ ብቻ የምትታወቅ ምልክት ይቀድ ነበር። አሁንም ምልክት ያደርጋል። ከአሮጌ ሸሚዙ አንዲት አራት ቀዳዳ ያላት ቁልፍ በጥሶ ለሚስቱ ሰጣት። ስካን ሊነሳ ሲሄድ ወገቡ ላይ በፕላስተር ትለጥፍለታለች፤ ብረት ስላይደለች ማሽኑን አትጎዳም። የሚያሳዩት ምስል ላይ አራት ቀዳዳዋ ቁልፍ ካለች ምስሉ የእሱ ነው። ከሌለች ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የማን እንደሆነ እነሱ ይናገሩ።

«ለሐኪሙ ብንነግረውስ?» አለች ሚስቱ።

«ከነገርነውማ ምኑን ፈተና ሆነ?»

በስካኑ ዕለት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሸሚዙን ሰቅሎ ጀርባውን ሰጣት። ፕላስተሩን ለጠፈችና በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

«ለጥፈሻል?»

«ለጥፌያለሁ።»

«ፊቷ ወደ ውጭ ነው?»

«ወደ ውጭ ነው። ልበስ አሁን፣ እንዳይበርድህ።»

እጁን ወደ ኋላ ቢዘረጋ የፕላስተሩን ጠርዝ ብቻ ነካ። በቃው። ለሌላ ሰው ቢሆን በመስታወት ያየው ነበር።

ስካን የምታነሳው ባለሙያ «አባባ፣ ይሄ ፕላስተር ምንድን ነው? ላንሳልዎት?» ስትለው «ብጉር ነው፤ ከተነካ ይደማል!» ብሎ ጮኸባት። ተወችው። አሳማሪው ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ በልቡ ሳቀ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ሌሎች ሳያውቁ እሱ የሚያውቀው ነገር ነበረው።

ለቀዶ ጥገናው ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ሐኪሙ ቢሮው አስጠራቸው። አባት፣ እናትና ልጅ ተደርድረው ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ አከርካሪው በሐኪሙ ጣት ትእዛዝ እየተሽከረከረ ብሎኖቹ የሚገቡበት ቦታ በቀለም ይታያል። አሳማሪው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ወንበሩን አስጠጋ።

«ቆዳውም ይታይ» አለ።

ሐኪሙ ገርሞት ምስሉ ላይ ቆዳውን መለሰለት። ለስላሳ ጀርባ ነው። አሳማሪው ከላይ እስከ ታች፣ ከቀኝ እስከ ግራ አየው። ቁልፍ የለችም። ደስታም ድንጋጤም አንድ ላይ ያዙት፤ ደስታው ትክክል በመሆኑ፣ ድንጋጤው ነገ ሊሆንበት በነበረው ነገር ነው።

«ይሄ የእኔ ጀርባ አይደለም።»

የቁልፏን ነገር ተናገረ። ልጁ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሐኪሙ ግን አልሳቀበትም። ስልክ አንስቶ ባለሙያዋን ጠራት፤ መጣች።

«አስታውሳቸዋለሁ፤ ይደማል ብለው የጮሁብኝ ናቸው» አለች። «ግን ከፕላስተሩ ሥር ቁልፍ ቢኖር ኖሮ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።»

«ይኸው! ራሷ መሰከረች!» አለ አሳማሪው።

ሐኪሙ ስክሪኑንና ሽማግሌውን እያፈራረቀ አየ። «እንግዲያው ነገ አንገባም» አለ። «የማን ምስል እንደሆነ ሳላጣራ ቢላዋ አልይዝም። እንደገና እናነሳዎታለን። ቀጠሮው ግን ይገፋል፤ ከፊትዎ የተሰለፈ ብዙ ሰው አለ። እግሩ እስከዚያ ይጠብቀናል ብዬ ግን ልዋሽዎት አልችልም።»

«እኔን እዚህ ቤት ማንም እንደገና አያነሳኝም!» አሳማሪው ተነሳ። «አራት ቀዳዳ ያላትን ቁልፍ ያጣ ማሽን ክር የምታህለውን ነርቭ ሊያይልኝ ነው? ወይ ምስሉ የእኔ አይደለም፣ ወይ ማሽኑ ዕውር ነው። ሁለቱም ጀርባዬ ላይ አይደርሱም። ተነሱ እንሂድ።»

«አባዬ፣ እባክህ!»

«ተነሺ አልኩሽ!»

ወደ በሩ አመራ። ግራ እግሩ ወለሉን እየፋቀ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ምንጣፉ ላይ ቀረ፤ እሱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ በካልሲው ወጣ፤ ኮሪደሩንም ተያያዘው። ሚስቱ ጫማውን አየችው። ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ባዶ ጫማ፣ አፉን ከፍቶ ወደ በሩ ዞሯል። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም።

«አንተ ሰውዬ! ና ተመለስ!» ስትል ኮሪደሩ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ። «ቁልፏ እኔ ጋ ናት!»

ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። እሷ ቦርሳዋን ከፈተች፤ መሃረቧን ፈታችና አራት ቀዳዳዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልክ ያኔ ፎቶውን ባንኮኒው ላይ እንዳስቀመጠችው አድርጋ።

«አልለጠፍኳትም። ባዶ ፕላስተር ነው።»

«ለጥፌያለሁ አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ። ዋሸሁህ። ሐኪሙ ካሜራው በዚያ ምስል ነው የሚመራኝ ሲል ሰማሁ። ቁልፏን አጥንት ናት ብሎ ቢስትስ? በእኔ እጅ በተለጠፈች ቁልፍ እግርህ ቢቀርስ? ማንን ልጠይቅ? አንተ እንዳትናገሪ ብለሃል። ብከራከርህ ደግሞ ሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

አሳማሪው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከልቡ ተጎዳ። ሐኪሙን፣ ባለሙያዋን፣ ማሽኑን፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢውን ሁሉ ለመያዝ የዘረጋው ወጥመድ ሚስቱን ይዞ መጣ። ዓለም ላይ ሳይመዝን የሚቀበለው አንድ ነገር ነበረው፤ እሱም ዛሬ ጎደለ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ስላጣ ስክሪኑን ያይ ጀመር።

እጅ የለመደውን አይተውም፤ ዓይንም እንደዚያው ነው። ሲፈዝዝ ቆይቶ ዓይኑ በራሱ ጊዜ እንከን መፈለግ ጀመረ። ሐኪሙ ቆዳውን አንስቶት ስለነበር አጥንቱ ተገልጧል። በግራ በኩል፣ መጨረሻ ላይ ያለችው የጎን አጥንት ወገቧ ላይ ጉብ ብላለች፤ ተሰብሮ በራሱ የጠገገ ነገር ትመስላለች። አሳማሪው እጁን ወደ ጎኑ ሰደደ። ጣቱ ሸሚዙ ሥር ያቺኑ ጉብታ አገኘ።

«መሰላሉ» አለች ሚስቱ፤ እሷም አይታዋለች።

የፎቶ ቤቱን ታፔላ ሲሰቅል ከመሰላል ወድቆ ነበር። ለሰው ሁሉ «ማን? እኔ? አልወደቅኩም» ብሎ ካደ፤ እሷ ብቻ ጨርቅ ቀዳ ስትጠመጥምለት ከረመች። ሐኪም አላየውም፤ ስለዚህ የትም አልተጻፈም።

«እኔ ብሆን» አለ አሳማሪው ቀስ ብሎ፣ «ይህቺን በብሩሽ አጠፋት ነበር።»

«እንኳን አላጠፏት» አለ ሐኪሙ። ወንበሩን ወደ እሱ ስቦ ቀጠለ። «አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔም ስክሪኑን ዝም ብዬ አላምነውም። ከመብሳቴ በፊት በዓይኔ የማየውን፣ በእጄ የማውቀውን አጥንት በመሣሪያው ጫፍ እነካለሁ። ስክሪኑ እዚያው ቦታ ካላሳየኝ አቆማለሁ። ለእያንዳንዱ ብሎን እንደዚያ አደርጋለሁ።»

አሳማሪው ቀና ብሎ አየው። እዚያ ሐኪም ቤት ከገባ ጀምሮ ደስ ያሰኘው ሰው ሲያገኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

«ታዲያ ተጠራጣሪ መሆንዎን ቀድመው አይነግሩኝም?» አለ።

የምስሉ ባለቤት ስለታወቀ ቀጠሮው ሳይገፋ ቀረ፤ ያን ዕለት እዚያው አስተኙት። ሚስቱ አጠገቡ ብትቀመጥም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ድንገት «ሌላስ ምን ዋሽተሽኛል?» አላት።

አሰበች። «ያ ሰማያዊው ክራቫትህ።»

«መኪና ውስጥ የረሳነው?»

«አልረሳነውም። ለጎረቤት ሰጠሁት። ሲያስጠላ!»

«አንገቱ ላይ አይቼዋለሁ!» ብሎ ወደ እሷ ዞረ። «የእኔን ይመስላል እንጂ የእኔ አይደለም ብዬ ነው ያለፍኩት። አንቺ ጠፋ ብለሽኝማ!» ተናዶ ነበር፤ ግን ዞሯል፤ እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነው።

ጠዋት ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል አስገቡት። ጣሪያው ላይ ከትልቁ መብራት አጠገብ ካሜራው በክንዱ ተንጠልጥሏል፤ ጥቁር መስታወት የሆነ ዓይኑ ወደ ታች ያያል። አሳማሪው ትክ ብሎ አየው። ሥራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ለዚህም ነው የማይተማመኑት። ማደንዘዣው ሊወስደው ሲል፣ ከልማድ የተነሳ፣ አገጩን ቀና አደረገለት።

ሲነቃ አፉ ደርቋል፣ ጀርባው ከብዷል። በጀርባው ተኝቶ ቀና ማለት ስለተከለከለ እግሩን ማየት አይችልም። ነርሷ መጥታ «ጣትዎ ይንቀሳቀሳል፣ ደስ ይበልዎት» አለችው። ለሁሉም የምትለው ነው ብሎ ተጠራጠረ። ሐኪሙ መጣ። «አንዴ መብራቱ ሲነካ ስክሪኑና እኔ ሳንስማማ ቀረን፤ አቁሜ እንደገና አስነሳሁ። ከዚያ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ» ብሎ የብሎኖቹን ምስል አሳየው። ስላልተስማሙ ደስ አለው፤ ምስሉን ግን ምስል ነው ብሎ አለፈው። ልጁ «አባዬ፣ በዓይኔ አየሁት እኮ!» አለችው። እሷ ደግሞ እንዲጽናና ብላ ነው።

ሁሉም ሲወጡ ሚስቱን አየ። ሊጠይቃት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ድሮ ቢሆን እሷን ብቻ ጠይቆ ይተኛ ነበር። አሁን ምን ብትለው ያምናል? አዎ ብትለው ባዶ ፕላስተር ቢሆንስ? ፈራ። በዕድሜው ሙሉ ሲጠራጠር ኖሮ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እሷም ተነስታ ወደ አልጋው ግርጌ ሄደች። አንሶላው ሲገለጥ ሰማ። ከዚያ በግራ እግሩ፣ በአውራ ጣቱና በተከታዩ መካከል፣ የነጠላ ጫማው ማሰሪያ በሚያልፍበት ቦታ፣ ቀዝቃዛ፣ ክብ፣ ትንሽ ነገር ገባ።

«ምንድን ናት?» አለ።

«አንተ ንገረኝ።»

ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ጠርዟ ይሰማዋል። «ቁልፏ ናት» አለ።

«በል ያዛት።»

ያዛት። እሷም ከወዲያ በጥፍሯ ቆንጥጣ ሳበቻት። ቁልፏ ትንሽ ተንሸራተተች እንጂ አልወጣችም።

«ልቀቅ» አለችው።

«አለቅም» አለ አሳማሪው። «አንቺ ልቀቂ።»